አንገቱን ተዉት፤ ወጣት ፈረስ የሚገራው ከኋላው ነው

የመጀመሪያዋን ባዝራ ያበላሸኋት በገዛ እጄ ነው። የ4 ዓመት ዳማ ነበረች። አንገቷን ቆልምማ እንደ ሥዕል ፈረስ እንድትሄድልኝ ቸኮልኩና ዛቡን፣ ማለትም የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር፣ ሳብኩ። እሷም ቆለመመች። በሁለት ወር ውስጥ ግን ልጓሙ ላይ የምትንጠለጠል፣ ጀርባዋ እንደ ጣውላ የደረቀ ፈረስ ሆና አገኘኋት። እሱን ለማረም ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የፈረስ አንገት የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

በቅድሚያ ዕድሜውን እወቁ። እግሩ ቶሎ ይጠነክራል፤ የጀርባ አጥንቱ ግን እስከ 6 ዓመት ገደማ ማደጉን አይጨርስም። የምንቀመጠው ደግሞ እሱ ላይ ነው። እኔ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አልወጣበትም። ቪየና ያለው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት ሊፒዛነር የሚባለውን ዝርያ አንድ ድንጉላ አሠልጥኖ ለመጨረስ 6 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በሦስት ወር ልንጨርስ የምንሮጥ ሰዎች ምን እንደምናሳድድ እንጃ።

ልጓም ከማስገባታችሁ በፊት ጥርሱን ሐኪም ይየው። በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርሱ ገና እየወለቀ ነው። አንዳንዱ ፈረስ ደግሞ ከመንጋጋው ፊት፣ ልጓሙ የሚያርፍበት አካባቢ፣ ትንሽ ጥርስ ያበቅላል። ጭንቅላቱን የሚወረውር ፈረስ እልኸኛ ይባላል እንጂ ብዙ ጊዜ አፉን አሞት ነው።

በለኮ መምራት፣ ማቆም፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ማስኬድ፣ እግሩን ማስነሳት፦ ይህን የማያውቅ ፈረስ ላይ ኮርቻ አታስቡ።

ከዚያ ረጅም ገመድ ላይ ማዞር ይመጣል። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ገመዱን ልጓሙ ላይ አትሰሩ፤ አፍንጫው ላይ ቀለበት ባለው የራስ ማሰሪያ ላይ ይሁን። ክቡ ከዳር እስከ ዳር ከ15 ሜትር አይነስ፣ 20 ቢሆን ይመረጣል። ጠባብ ክብ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። መሃል ቁሙና ገመዱን ወደ ጭንቅላቱ፣ አለንጋውን ወደ ኋላ እግሩ ዘርጉ። አለንጋው ይጠቁማል፣ አይመታም። በግራም በቀኝም ከ10 ከ10 ደቂቃ አላሳልፍም።

መጀመሪያ በጆሮዬ ነው የምከታተለው። እርምጃ አራት ምት አለው፣ ሶምሶማ ሁለት። ምቱ ሲፈጥን ሲዘገይ ከሰማሁ ፈረሱ ወይ ሚዛኑን አላገኘም፣ ወይ ፈርቷል። ቀጥሎ ዱካውን አያለሁ። በእርምጃ ሲሄድ የኋላ ኮቴው የፊተኛው በተነሳበት ዱካ ላይ፣ ወይም አልፎት ቢያርፍ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ ጭራውን። ተለቆ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ጀርባው ላልቷል ማለት ነው። ያኔ አንገቱን ዝቅ ያደርግና በአፍንጫው «ፍርርር» ይላል። እሷን ስሰማ ለዛሬ በቃ እላለሁ።

ኮርቻውን ስትጭኑ እርካቡን አውልቁት። ከሆዱ ስር ያለውን ጠፍር በአንዴ አታጥብቁ። አንድ ቀዳዳ፣ ጥቂት እርምጃ፣ ደግሞ አንድ ቀዳዳ።

የመውጫው ቀን ሲደርስ ወዲያው አልቀመጥም። ሄልሜቴን አጠልቃለሁ፤ ፈረሱ የሚያምነው ሰው ለኮውን ይይዝልኛል። እኔ እንደ ጆንያ በሆዴ ኮርቻው ላይ እጋደማለሁ። ዓይኔ ጆሮው ላይ ነው። አንዱ ጆሮ ወደ እኔ ዞሮ ሌላው ወደፊት ከሆነ እያጤነኝ ነው፣ እቀጥላለሁ። ሁለቱም ወደኋላ ተለጥፈው ትንፋሹን ከያዘ ወርጄ ነገ እመለሳለሁ። ከተቀመጥኩም በኋላ ሲደነግጥ የምይዘው ጋማውን ነው። ዛቡን ከያዝኩማ ዳማዋን ደገምኳት ማለት ነው።

ቀጣዮቹ ወራት አሰልቺ ናቸው፤ መሆንም አለባቸው። ወደፊት መሄድ፣ ሰፊ ክብ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ። በሶምሶማው ምት ከኮርቻው ብድግ ቁጭ እላለሁ፣ ጀርባው እንዲያርፍ። በእግሬ ከኋላ አስነሳዋለሁ፤ እጄ የመጣለትን ይቀበላል።

ልክ መሆኔን የማውቅባት አንዲት ፈተና አለችኝ። በሶምሶማ እየሄድን ጣቶቼን ቀስ በቀስ እከፍታለሁ። በደንብ የተሠራ ፈረስ ልጓሙን እያላመጠ፣ ዛቡን ከእጄ እየወሰደ፣ አንገቱን ወደፊትና ወደታች ይዘረጋል፤ ምቱ ግን አይለወጥም። ፍጥነት ከጨመረ ይዤው ነበር ማለት ነው። አንገቱ ባለበት ከቀረ ደግሞ አስሬው ኖሬያለሁ። ዳማዋን በዚህ ብፈትናት ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ነበር የምባንነው።

ይህን ሲያልፍ፣ ምናልባት በሁለተኛው ዓመት፣ ትከሻን ወደ ውስጥ ማስገባት እጀምራለሁ። ያስፋፋው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈረስ ገሪ ላ ጌሪኒዬር ነው። ፈረሱ በግድግዳው ጥግ እየሄደ የፊት አካሉን ትንሽ ወደ ሜዳው ያስገባል፤ ከፊት ሆኖ ለሚያይ እግሮቹ ሦስት መስመር ይሠራሉ። በሜዳው በኩል ያለው የኋላ እግሩ ከሆዱ ስር ገብቶ ክብደት መሸከም ይማራል። አንገቱን ብቻ ካጠፈ አልሆነም፤ ትከሻው ነው መግባት ያለበት። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት እርምጃ ካገኘሁ ወዲያው ቀጥ አደርገዋለሁ፣ ዛቡን እለቅለታለሁ፣ እወርድና ጠፍሩን አላላለታለሁ።