«ጡትዎ ጥቅጥቅ ነው» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት ጓደኛዬ እዚህ አሜሪካ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነሳች። ደብዳቤ ሲደርሳት ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ላከችልኝና እያለቀሰች ደወለች። «እጢ አለብሽ ነው የሚለኝ?» አለችኝ። ደብዳቤው ግን የሚለው ሌላ ነው፤ የጡትሽ ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ነው ይላል።

ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ማሞግራም የሚያነሳ ተቋም ሁሉ ይህን ለሴቲቱ የመንገር ግዴታ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው የብዙዎቻችንን ቤት ያንኳኳል።

የመጀመሪያው ስህተት በሽታ መስሎን መደንገጥ ነው። ጡት ስብ አለው፤ ወተት የሚሠሩ እጢዎች፣ ቱቦዎችና ደግፎ የሚይዛቸው ሥጋም አለው። ስቡ አንሶ ሌላው ሲበዛ ጥቅጥቅ ይባላል። በአሜሪካ 40 ዓመት ካለፋቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው። እኛን የሚያስደነግጠን ደግሞ ቋንቋችንም ጭምር ነው። «እጢ» ስንል ወተት የሚያመነጨውንም፣ ክፉውን እብጠትም ማለታችን ነው። አስተርጓሚው «እጢሽ ብዙ ነው» ቢል ማን አይደነግጥም?

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። «ምንም አልታየም» ሲባል ነገሩን ዘግቶ መቀመጥ ነው። በማሞግራም ምስል ላይ ስብ ጠቆር ይላል። ጥቅጥቁ ሥጋ ነጭ ነው። ካንሰርም ነጭ ነው። በጥምቀት ቀን ከሺህ ነጠላ ለባሽ መሃል አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት እንደመፈለግ በሉት። የኮኔቲከቷ ናንሲ ካፔሎ ማሞግራሟ ንጹህ ነው ከተባለች ብዙም ሳይቆይ በ2004 የተስፋፋ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ጡቷ ጥቅጥቅ መሆኑን ቀድሞ የነገራት አልነበረም። ታገለች፤ በ2009 ግዛቷ ይህ ለሴቶች እንዲነገር በሕግ አዘዘች። እሷ በ2018 አረፈች። ደብዳቤውን ሳየው እሷን አስባለሁ።

ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ፦ «የኔ የትኛው ፊደል ነው?» ጥቅጥቅነቱ ከኤ እስከ ዲ በአራት ፊደል ይመደባል፤ ኤ እና ቢ ጥቅጥቅ አይባሉም፤ ሲ እና ዲ ይባላሉ። ዲ፣ ማለትም በጣም ጥቅጥቅ ያለው፣ ከአሥር ሴቶች የአንዷ ገደማ ነው። በኔዘርላንድስ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ጡት ያላቸውና ማሞግራማቸው ደህና የሆነ ሴቶችን ያጠኑ ሐኪሞች ነበሩ። እስከ ቀጣዩ ምርመራ ድረስ መሃል ላይ ብቅ የሚለው ካንሰር ከሺህ ሴት 5 ነበር፤ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) እንዲነሱ በተጋበዙት ዘንድ 2.5 ሆነ። ኤምአርአይ ግን ካንሰር ያልሆነውንም እያሳየ ያስደነግጣል፣ ናሙና ያስወስዳል። ለሁሉም አይታዘዝም። ውሳኔው በዕድሜ፣ በፊደሉና በቤተሰብ ታሪክ ይወሰናል። ጥቅጥቅነቱ ራሱም አደጋውን በመጠኑ ይጨምራል።

የቤተሰብ ታሪክ ካልኩ አይቀር፣ እኛ ቤት ይህ በሽታ ስሙ አይጠራም። «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። አገር ቤት ደውሉና ጠይቁ፤ «እትዬ፣ አክስቴ በምን ነበር የሞተችው?» በሉ። መልሱ የሐኪሙን ሐሳብ ሊቀይር ይችላል።

በእጅ ዳስሶ «የኔስ ለስላሳ ነው» ማለትም አይሠራም። በመጠንም በጥንካሬም አይታወቅም፤ በምስል ብቻ ነው።

ሌላው «ማሞግራም ካልጠቀመኝ አልትራሳውንድ ይበቃኛል» ማለት ነው። አይበቃም። አንዳንድ ካንሰር ሲጀምር የሚታየው በጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች ነው። እነዚያን ጥሩ አድርጎ የሚያሳየው ማሞግራም ነው። አልትራሳውንዱ ይጨመርበታል እንጂ አይተካውም።

ወጪውን ሳይጠይቁ መሄድም አለ። ለማጣሪያ የሚደረገውን ማሞግራም አብዛኛው ኢንሹራንስ ይከፍላል። ተጨማሪው ምርመራ ግን ቢል ሊያመጣ ስለሚችል ቀድማችሁ ደውሉ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ። ልጃችሁን እንዲህ ላለው ወሬ አታስተርጉሟት፤ ከባድ ነው።

አሜሪካም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ጡት ላይ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጫፉ ደም ካያችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ። ወረቀቱ ባለፈው ወር «ደህና ነሽ» ቢልም በዚሁ ሳምንት ታዩ።