ፔንዱለም ስትለኩ የምትሳሳቱት የት የት ነው?

የስልካችሁን ስቶፕዎች ከፍታችሁ ቶሎ አስጀምሩና አቁሙት። 0.14 ወይም 0.17 ምናምን ይላችኋል። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ስላለ ብዙ ተማሪ መቶኛ ሰከንድ የለካ ይመስለዋል። ሰዓቱስ በትክክል ቆጥሯል፣ እሱ ላይ ምንም ችግር የለም። ጉዱ ያለው ጣት ላይ ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ቁልፍ እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። የፔንዱለም መምጫ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ጣታችን ትንሽ ይሻሻላል፤ ቢሆንም 0.1 ሰከንድ ያህል ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም።

ምሳሌያችን ሁሉም ሰው የሚሠራው ሙከራ ይሁን። 1 ሜትር ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ አንድ ከበድ ያለ ዳዶ፣ ከዚያ የስበት ፍጥነት መጨመሪያን፣ ማለትም gን ማስላት። አዲስ አበባ ላይ g 9.77 ገደማ ነው። ስለዚህ ዳዶው አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 2.01 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

አንዱን ደርሶ መልስ ብቻ መለካት

2 ሰከንድ ላይ 0.1 መሳሳት 5 በመቶ ነው። g የሚሰላው ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ 10 በመቶ ይሆናል። "እሺ፣ ሃያ ጊዜ ደጋግሜ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ" የሚል ተማሪ አይጠፋም። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ግን ልፋቱን አያዋጣም። ሃያ የተለያዩ ልኬቶችን ብታማክሉ ስህተቱ የሚቀንሰው በሃያ ስኩዌር ሩት ነው፤ 0.022 ሰከንድ ላይ ይቆማል። ሃያውን ደርሶ መልስ ሳታቋርጡ በአንድ ልኬት ብትይዙ ግን ያው 0.1 ለሃያ ይካፈልና 0.005 ይሆናል። ድካሙ ያው ነው፣ ውጤቱ አራት እጥፍ ይሻላል።

ከፍ ካለ ቦታ ድንጋይ ጥሎ በስቶፕዎች የሚለካ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ከ2 ሜትር የወደቀ ድንጋይ 0.64 ሰከንድ ውስጥ መሬት ይደርሳል፣ ድገም ቢሉት አይደግምም። ጋሊልዮም ቢሆን ኳሱን በቀጥታ አልጣለም። ቀስ እንዲልለት በተዳፋት ላይ አንከባለለው፣ ጊዜውን ደግሞ በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ ሰብስቦ እየመዘነ ለካ።

ከ"አንድ" መጀመር

ይህ የላብራቶሪው ንጉሥ ነው። ዳዶው ሲያልፍ "አንድ!" ብላችሁ ሰዓቱን ታስጀምራላችሁ፣ "ሃያ!" ስትሉ ታቆማላችሁ። በመሀል ያለፈው አሥራ ዘጠኝ ደርሶ መልስ ነው። ለሃያ ስታካፍሉት g 10.8 ይወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም "የአየር ግጭት ነው" ብሎ ሪፖርቱ ላይ ይጽፋል። ምስኪን አየር! እሱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ፔንዱለሙን ያዘገየው ነበር እንጂ አያፈጥነውም።

መፍትሔው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዳዶውን ልቀቁትና አንድ ሁለት ጊዜ ይመላለስ። ከዚያ በየማለፉ "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ" በሉ። ሰዓቱ የሚጀምረው ዜሮ ላይ ነው። ቆጠራው ጣትንም ምቱን ስለሚያስለምደው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ዳዶውን በለቀቃችሁበት ቅጽበት ማስጀመር ግን ሌላ ጣጣ አለው። መነሻውን የሚወስነው የራሳችሁ እጅ ነው፣ መድረሻውን ደግሞ ዓይናችሁ። ሁለቱ እኩል ስለማይዘገዩ ልዩነቱ ውጤቱ ላይ ይቀራል። በተመሳሳይ ምክንያት አንዱ "በቃ!" እያለ ሌላው ባይጫን ይሻላል።

g 39 ከወጣላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ሂዱን ብቻ እንደ ሙሉ ደርሶ መልስ ቆጥራችኋል።

ጫፍ ላይ መጫን

ዳዶው ጫፍ ደርሶ ሲቆም መጫን ቀላል ይመስላል። ችግሩ ራሱ መቆሙ ነው። ከመሀል 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚወዛወዘውን የእኛን ዳዶ ብትወስዱ፣ ከጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 0.29 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ታዲያ የቱ ቅጽበት ላይ ነው የተመለሰው? ዓይን አይለየውም። መሀል ላይ ሲሆን ያንኑ 1 ሳንቲ ሜትር በ0.03 ሰከንድ ያልፈዋል። ስለዚህ ከሲባጎው ጀርባ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ሲባጎው መስመሩን ሲያልፍ ተጫኑ። ዳዶው እዚያ የሚያልፈው ለሂድም ለመልስም ስለሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ብቻ ቁጠሩ።

በደንብ እንዲታይ ብሎ በሰፊው ማወዛወዝ

የመማሪያው ቀመር የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። በ10 ዲግሪ ልዩነቱ 0.2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ይታለፋል። በ30 ዲግሪ 1.7 በመቶ ይደርሳል። በ60 ዲግሪ ለቃችሁ ብትለኩ g ወደ 8.5 ይወርዳል። ይህን መቶ ጊዜ ብትደግሙትም አማካዩ አያድናችሁም፣ ሁልጊዜ የሚያጋድለው ወደ አንድ ወገን ነዋ።

ቪዲዮ አይሳሳትም ብሎ ማመን

ተራ የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል፤ በሁለት ምስሎች መካከል 0.033 ሰከንድ አለ። ከዚያ በታች ያለውን አያውቅም። በስሎው ሞሽን 240 ያነሳል እንበል። ታዲያ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰዓት እንዳለ እንዳትወስዱ፣ በ30 ሲጫወት ስምንት እጥፍ ተለጥጧል። ምስሎቹን ራሳቸውን ቁጠሩ።

የካልኩሌተሩን አሃዝ ሁሉ መገልበጥ

40.23 ለ20 ሲካፈል 2.0115 ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው 2.012 ፕላስ ማይነስ 0.005 ነው። እሱ በቂ ነው።

9.8 ካልመጣ መሰረዝ

ይሄኛው ያናድደኛል። ውጤቱ 9.6 ሲሆን ጎበዝ የተባለው ተማሪ ሳይቀር አንዷን "መጥፎ" ልኬት ያወጣትና 9.8 ያደርሰዋል። እሷን ለመሰረዝ ያለው ምክንያት ደስ አለማለቷ ብቻ ነው። የተሳሳተ ቆጠራ ከነበረ በዚያው ቅጽበት ጽፋችሁ ሰርዙ፤ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ግን አይሆንም።

ደግሞስ ማን ነው 9.8ን ትክክል ያደረገው? g ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፓሪስ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ለምድር ወገብ ወደሚቀርበው ካየን ሄደ። ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። በአንድ ምልልስ ይህ ልዩነት ከ0.2 በመቶ ያነሰ ነው፣ በዓይን የሚያየው የለም። ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ ግን ለማንም የሚታይ ሆነ።

ፓሪስ ላይ g 9.81 ነው፤ ከአዲስ አበባው ጋር ያለው ልዩነት 0.4 በመቶ ነው። በሃያ ደርሶ መልስ g ላይ ያለን ስህተት 0.5 በመቶ ስለሆነ ሁለቱን ከተሞች መለየት አንችልም። መቶ ብንቆጥር ወደ 0.1 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይፈጃል፣ ይቻላል። እዚያ ከደረሳችሁ ግን ጣታችሁን ትታችሁ ሜትሩን ጠርጥሩ። ከሲባጎው መስቀያ እስከ ዳዶው መሀል ባለው ርዝመት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብትስቱ ያው 0.4 በመቶ ነው።