ሪሞት ጠፋ? ስልካችሁን አውጡ

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደወለች። ልጆቹ ሪሞቱን የት እንደጣሉት አይታወቅም፣ ሶፋው ተገልብጧል፣ አልጋው ተነስቷል፣ የለም። አብሽሪ አልኳትና በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ግማሽ ሰዓት ተነታርከን ሲያቅተኝ ማውስ ኪሴ ከትቼ ከደሴ የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ማውሱ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቲቪውን አብሩት። ሪሞት ጠፋ ማለት ማብሪያ የለም ማለት አይደለም። አብዛኛው ቲቪ ከታች ስሙ ከተጻፈበት ስር ወይም ከኋላ ጥግ ላይ አንዲት ቁልፍ አለችው። በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ፈልጉ።

ቀጥሎ ስልካችሁን ሪሞት የሚያደርገውን አፕ አውርዱ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የቲቪው ዓይነት ነው። አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጉግል ቲቪ ከሆነ "ጉግል ቲቪ" የሚባለው አፕ ይበቃል፣ አይፎን ላይም ይሠራል። ሳምሰንግ ከሆነ "ስማርትቲንግስ"፣ ኤልጂ ከሆነ "ኤልጂ ቲንኪው"፣ ቪዳ በሚባል ሲስተም የሚሠራ ሃይሴንስ ከሆነ ደግሞ "ቪዳ" የሚባለው አፕ። ፕሌይ ስቶር ላይ ዝም ብላችሁ "ሪሞት" ብላችሁ ከፈለጋችሁ መዓት አፕ ይመጣላችኋል፤ እኔ አልወዳቸውም። ድምፅ ልትቀንሱ ስትነኩት ማስታወቂያ ይከፍትባችኋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ክፈሉ ይላል። የራሱን የቲቪውን አፕ ያዙ።

አሁን ስልኩንም ቲቪውንም አንድ ዋይፋይ ላይ አድርጉ። ጉግል ቲቪን ስትከፍቱ ከታች የሪሞት ምልክት ታያላችሁ። እሱን ነክታችሁ የቲቪውን ስም ስትመርጡ ቲቪው ላይ 6 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይመጣል። ስልኩ ላይ ጻፉት፣ አለቀ። ሌሎቹም አፖች አካሄዳቸው ያው ነው፤ ብቻ ስማርትቲንግስና ቲንኪው መጀመሪያ አካውንት ክፈቱ ይላሉ።

ጣጣው ያለው ቲቪው ዋይፋይ ላይ ካልሆነ ነው። ዋይፋዩን ለማስገባት ሪሞት ያስፈልጋል፣ ያለሪሞት ለመሥራት ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል። እኔና እህቴ ግማሽ ሰዓት የተነታረክነው እዚህ ላይ ነበር። መውጫው ሁለት ነው።

አንዱ ማውስ ነው። ተራውን የኮምፒውተር ማውስ ከቲቪው ጀርባ ዩኤስቢው ላይ ሰኩት። ብዙ ስማርት ቲቪ ወዲያው ቀስት ያሳያችኋል። ጥርስ ያላትን ክብ የሴቲንግ ምልክት ተጫኑ፣ ኔትወርክ ውስጥ ግቡ፣ ዋይፋዩን መርጣችሁ ፓስወርዱን ፊደል በፊደል እየተጫናችሁ ጻፉ። አንድሮይድ ቲቪ ላይ የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ወደኋላ ይመልሳል፣ ይህን ሳታውቁ ከገባችሁ መውጫው ይጠፋችኋል።

ሁለተኛው ቲቪውን ማታለል ነው። ቲቪ ድሮ የገባበትን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ አይረሳም። የእህቴ ቲቪ የለመደው የባለቤቷን ስልክ ሆትስፖት ነበር፣ ሰውዬው ደግሞ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። ደውለን የሆትስፖቱን ስምና ፓስወርድ ጠየቅነው። ከዚያ በእሷ ስልክ ያንኑ ስምና ያንኑ ፓስወርድ ሰጥተን ሆትስፖት ከፈትን። ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ክፍት ቦታው ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ እኛ አንዲት ፊደል ስተን ሁለት ጊዜ ደግመናል። ሲስተካከል ቲቪው የድሮው ስልክ መስሎት ራሱ ገባ። የእኔን ስልክም እዚያው ሆትስፖት ላይ አስገብቼ አፑን ከፈትኩ፣ ኮዱ መጣ። ሆትስፖት የሚከፍተው ስልክና ሪሞት የሚሆነው ስልክ ለየብቻ ቢሆኑ ነው የሚሻለው። ማውሱ ከኪሴም አልወጣ።

ቲቪው ካልገባ ሆትስፖቱን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፣ አንዳንድ ቲቪ 5ን አያይም። ሌላው ደግሞ ፓኬጃችሁን ጠብቁ፤ ለሪሞትነቱ ዳታው ይህ ነው አይባልም፣ ዩቲዩብ ከከፈታችሁበት ግን ማታውን አያልፍም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቲቪው ከስልኩ ካልበራ አትደንግጡ፣ ያችን ከስር ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ።

ጨረስኩ ብዬ ቡና ልጠጣ ስል እህቴ "ታዲያ ቻናሉ መቼ ተቀየረ?" አትለኝም! ለካ የምታየው በዲሽ ነው። ይሄ አፕ የሚያዘው ቲቪውን እንጂ ሪሲቨሩን አይደለም፣ የሪሲቨሩን ሪሞት ደግሞ ልጆቹ አብረው ነው የጣሉት። ዋይፋይ ያለው አንዳንድ ሪሲቨር "ጂ-ኤምስክሪን" በሚባል አፕ ይታዘዛል፤ የእሷ ግን ተራ ነው።

ይህን ስናወራ የጎረቤት ልጅ ሬድሚ ስልክ ይዞ ገባ። ብዙ ሬድሚና ሻውሚ ስልኮች አናታቸው ላይ እንደ ሪሞት ጨረር የምትልክ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለቻቸው። "ሚ ሪሞት" የሚለውን አፕ ከፍቶ የሪሲቨሩን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ሲያጣው ሌሎቹን አንድ በአንድ እየሞከረ አገኘው። ዋይፋይ የለ፣ ኮድ የለ፣ ስልኩን ወደ ሪሲቨሩ ማዞር ብቻ። ከዚያ ቲቪውንም በዚያው አጠፋና አበራው። እኔ ሁለት ሰዓት የለፋሁበትን።