የተማሪዎቹ መለያ ቁጥር የት ገባ? የፒኤችፒ አሬይ ቁልፍ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

የሁለት ክፍል ተማሪዎችን ዝርዝር በፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) አንድ ላይ ላደርግ ነበር። ዝርዝሮቹ አሬይ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዱን ዋጋ በራሱ ቁልፍ የሚይዙ። የአሬዩ ቁልፍ የተማሪው መለያ ቁጥር ነው፣ ዋጋው ደግሞ ስሙ። አሬዮችን በሚያዋህደው ትዕዛዝ በአሬይ መርጅ (array_merge) አዋሃድኳቸው። ስሞቹ ሁሉ አሉ፤ አንድም አልጎደለም። ቁልፎቹ ግን ጉድ ሆነዋል። "0451" እንዳለ ቁጭ ብሏል። "1204" የነበረው 0፣ "1310" የነበረው 1 ሆኗል።

ግማሹን ብቻ የሚያበላሽ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ከሁሉም ይብሳል። እኔም ዳታቤዙን ያለ ኃጢአቱ ስጠረጥር ዋልኩ።

ምክንያቱ

የፒኤችፒ አሬይ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ቁልፍ ብቻ ነው፦ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እና ስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ የሚጻፍ ጽሑፍ)። ስትሪንጉ ንጹህ ሙሉ ቁጥር ከመሰለ ሳይጠይቃችሁ ኢንቲጀር ያደርገዋል። በጥቅስ ውስጥ ብታስገቡትም አይሰማም። "1204" 1204 ሆነ ማለት ነው። "0451" ግን ፊቱ ላይ ዜሮ ስላለ ተረፈ። አሬይ መርጅ ደግሞ የስትሪንግ ቁልፍ አይነካም፤ የኢንቲጀሩን ግን ከ0 ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል።

በዓይናችሁ ለማየት አሬዩን ቫር ደምፕ (var_dump፣ ይዘቱን ከነዓይነቱ የሚያሳይ ትዕዛዝ) አድርጉ። ስትሪንግ ቁልፍ በጥቅስ ይወጣል፣ ኢንቲጀር ያለ ጥቅስ። ሌላው ማሳያ ትዕዛዝ ፕሪንት አር (print_r) ግን ሁለቱንም አንድ አስመስሎ ስለሚያሳይ እዚህ ላይ አይረዳም።

መፍትሄው

አሬዮቹን በ+ ደምሩ፣ ወይም በአሬይ ሪፕሌስ (array_replace) አዋህዱ። ሁለቱም ቁልፍ አይቀይሩም። አንድ ቁልፍ በሁለቱም አሬይ ውስጥ ካለ + የግራውን ዋጋ ይይዛል፣ አሬይ ሪፕሌስ የቀኙን። ይህን ሳያዩ መምረጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እኔ አሁን መለያ ቁጥሩ ፊት ፊደል እጨምራለሁ፦ "ተ1204"። አያምርም፣ ግን ማንም ቁጥር ነው ብሎ አይነካብኝም።

ሌላ ቦታ ሲመጣ

ፎርኢች (foreach፣ አሬዩን አንድ በአንድ የሚያልፍ ዙር) ውስጥ ቁልፉን ዓይነትንም በሚያወዳድረው === ከ"1204" ጋር ብታወዳድሩ ፎልስ (ሐሰት) ይላችኋል፤ ቁልፉ ኢንቲጀር ሆኗላ! መጀመሪያ ወደ ስትሪንግ ቀይሩት።

አራት ነገር አስገብታችሁ አንድ ብቻ ካገኛችሁም ዘመዱ ነው። 1፣ "1"፣ 1.5 እና ትሩ (true፣ እውነት) ሁሉም ቁልፍ 1 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ሌሎቹን ይሽራል። ከፒኤችፒ 8.1 ጀምሮ ነጥብ ላለው ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ለትሩ ግን ምንም አይላችሁም።