የኋላ የጉም መብራት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከዘጋ፣ የፊተኛው መኪና ተራ የኋላ መብራት የሚታየው ሊደርሱበት ጥቂት ሜትር ሲቀር ነው። መካኒኮች የኋላ ፎግ የሚሉት ደማቅ ቀይ መብራት የተሠራው ለዚህ ሰዓት ነው። በሰዓቱ ከበራ ሕይወት ያተርፋል። ያለሰዓቱ ከበራ ግን የኋለኛውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ የፍሬን መብራትንም ይሸፍናል። አደጋው የሚያመዝነው አጠቃቀሙ ላይ ስለሆነ እሱን አስቀድመን የኤሌክትሪኩን ብልሽት አስከትለናል።

ጉም ሳይኖር የኋላ ሹፌሮች ረጅም መብራት ያበሩብዎታል

መጀመሪያ ዳሽቦርዱን ይዩ። ብርቱካናማ ምልክት በርቶ ከሆነ፣ መብራቱ ወደ ቀኝ ዞሮ ሦስት አግድም መስመሮች ከወጡለትና አንድ ጠመዝማዛ መስመር ካቋረጣቸው፣ የኋላ ጉም መብራትዎ በርቷል ማለት ነው። የፊተኛው ምልክት አረንጓዴ ነው፤ መስመሮቹም ወደ ግራ ዘቅዝቀው ይወርዳሉ። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው፤ ብዙ ሹፌር የፊቱን ያበራሁ እየመሰለው የኋላውን ያበራል።

መንስኤው በአብዛኛው ማብሪያው ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች የፍሬቻው ዘንግ ላይ ያለው ቀለበት አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱን፣ ሌላ ጊዜ ሲደገም የኋላውን ጨምሮ ያበራል። በቆየት ያሉ ቮልስዋገኖች ደግሞ ክቡን ማብሪያ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሲስቡት የፊቱ፣ ሁለተኛ ሲስቡት የኋላው ይበራል። አንዷ ተጨማሪ እርምጃ በስህተት ትገባለች፣ ከዚያ ማንም አያያትም። ቀለበቱን አንድ ደረጃ ይመልሱና ብርቱካናማው መጥፋቱን ያረጋግጡ።

ጉዳቱ ከማስከፋት ያለፈ መሆኑን ቁጥሮቹ ያሳያሉ። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንቦች ተራው የኋላ መብራት ቢያንስ 4 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ)፣ የፍሬን መብራት ቢያንስ 60 ካንዴላ መስጠት አለበት። የጉሙ ግን ከ150 እስከ 300 ካንዴላ ነው። ስለዚህ ጥርት ባለ ሌሊት ፍሬን ሲረግጡ ከኋላ ያለው ሹፌር የሚያየው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው፤ ቀድሞውንም ከፍሬን መብራት የደመቀ ቀይ ከፊቱ ነበርና። ደንቡ በጉሙ መብራትና በፍሬኑ መካከል ከ100 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት እንዲኖር የሚያዝዘው ይህንኑ ለመቀነስ ነው፤ ከራቅ ብሎ ሲታይ ግን ሁለቱ መቀላቀላቸው አይቀርም።

ዝናብ ላይም ያው ነው። በሐምሌ ዝናብ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ የኋላ ጉም መብራት የሚያበሩ አሉ። በኋለኛው መኪና የፊት መስተዋት ላይ ያለው ውሃ ቀዩን ብርሃን በትኖ ለኋለኛው ሹፌር መንገዱን ያደበዝዝበታል። ከ100 ሜትር በላይ እስከታየ ድረስ ለዝናብ አጭር መብራት ይበቃል።

መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ ግራ ይገባዎታል

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። ጀርመን ውስጥ የኋላው የሚፈቀደው በጉም ምክንያት እይታ ከ50 ሜትር በታች ሲወርድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ፍጥነትም ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ የለበትም። ከከተማ ውጭ ባሉ መንገዶች ዳር የሚተከሉት ነጭ ምሰሶዎች አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሜትር ርቀት ስለሚቆሙ፣ ቀጣዩ ካልታየ ያብሩ። እንግሊዝ ውስጥ መለኪያው 100 ሜትር ግድም ነው።

እንዲህ ያለ ምሰሶ በሌለበት መንገድ ሰከንድ መቁጠር ይቻላል። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለ ዛፍ ወይም ምልክት እስኪደርሱበት 4 ሰከንድ ተኩል ከፈጀ የሚታይዎ 50 ሜትር ነው፤ 9 ሰከንድ ከሆነ 100 ሜትር። በዚሁ አጋጣሚ ፍጥነትዎንም ይመዝኑ። እርጥብ አስፋልት ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ፣ ፍሬን ለመርገጥ የሚባክነውን ሰከንድ ተኩል ጨምሮ ለመቆም 45 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እይታው 50 ሜትር ከሆነ የሚተርፍዎ አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ነው።

ማጥፋቱ ከማብራቱ ይበልጣል። የኋለኛው መኪና የፊት መብራት በመስተዋትዎ ጥርት ብሎ ከታየ እሱም አይቶዎታል፤ ያጥፉ። በሰልፍ ቀስ ብለው ሲጓዙም፣ 15 ሜትር ላይ ተጠግቶ የሚከተልዎትን ሰው እያሳወሩት ነውና ያጥፉ፤ ወደ ኋላ ከቀረ መልሰው ያብሩ። ጣርማ በር አካባቢ ጉሙ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይዘጋና ይገለጣል፣ እንደገናም ይዘጋል። ጣትዎ ከማብሪያው አይራቅ።

ጉም ውስጥ አራቱንም ፍሬቻ አብርተው ይነዳሉ

ይህ የጉም መብራትን ቦታ አይተካም። አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ሲሉ ወደ ግራ ይታጠፉ ወደ ቀኝ አይለይም። የኋለኛውም ሹፌር የቆሙ መስሎት በድንገት መሪ ሊጠመዝዝ ይችላል። በኢምሬትስ በጉም ውስጥ ሐዛርድ (አራቱንም ፍሬቻ) አብርቶ መንዳት ያስቀጣል። አቡዳቢ ላይ ጉም ሲወርድ የአውራ ጎዳናው ፍጥነት ወደ 80 ስለሚወርድ፣ እዚያ የሚሠሩ ሹፌሮች የመንገድ ዳር ሰሌዳውን መከታተል አለባቸው። ሐዛርድ የቆመ መኪና ምልክት ነው፦ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ከወጡ በኋላ ያብሩት፣ ሦስት ማዕዘኑንም ራቅ አድርገው ያቁሙ።

ቀን ላይ ከፊት በርቷል፣ ከኋላ ግን ጨለማ ነው

ለዚህ ችግር በተለይ የተጋለጡት አዳዲሶቹ መኪኖች ናቸው። የቀን መብራታቸው ከፊት ብቻ ይበራል፤ የኋላው አይነካም። አውቶ ላይ የተተወው ማብሪያም የሚለካው ብርሃንን እንጂ ጉምን አይደለም። የቀን ጉም ደግሞ ነጭና ብሩህ ስለሆነ ሴንሰሩ «ብርሃን አለ» ብሎ ዝም ይላል። ሹፌሩ ዳሽቦርዱ ስለበራለት ሁሉም የበራ ይመስለዋል። መፍትሔው ማብሪያውን ከአውቶ አውጥቶ በእጅ ወደ አጭር መብራት ማዞር ነው። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይጠቀሙ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ነጥሮ ወደ ራስዎ ዓይን ይመለሳል።

አንድ ጎን ብቻ ይበራል

ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ደንቡ አንድ ወይም ሁለት ይፈቅዳል። አንድ ብቻ ከሆነ መሃል ላይ ወይም በመንገዱ መካከለኛ መስመር በኩል መሆን አለበት፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ያ ማለት ግራው ነው። በብዙ ሞዴሎች በግራ ቀዩ የጉም መብራት፣ በቀኝ በዚያው ቦታ ነጩ የማርሽ ኋላ መብራት ይቀመጣል። የቀኙ መስታወት ቀይ ሆኖ ውስጡ አምፖል ወይም የአምፖል መያዣ ከሌለው ፋብሪካው አላስገባውም ማለት ነው። አምፖል ኖሮ ካልበራ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

በግራ ለሚነዳ አገር ተሠርቶ መሪው የተዛወረ መኪና ላይ ነጠላው መብራት በቀኝ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል። መኪናውን ከመንገዱ ጫፍ ጠባብ አስመስሎ ያሳየዋል። የግራው መብራት ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ መያዣውን ገዝቶ ሽቦውን ማሻገር ቀላል ሥራ ነው።

ጭራሽ አይበራም

አጭር መብራት ወይም የፊት ጉም መብራት ሳይበራ የኋላው እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው። መጀመሪያ አጭሩን ያብሩና ከዚያ ይሞክሩ። ከዚያም ብርቱካናማውን ምልክት ይዩ፦ እሱም ካልበራ ችግሩ በአብዛኛው ፊውዝ፣ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ወይም ዋናው ማብሪያ ላይ ነው። ምልክቱ በርቶ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ከኋላ፣ አምፖሉ ወይም ማሳው (ጅረቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ግንኙነት) ላይ ይፈልጉ።

ከአምፖሉ ይጀምሩ። በአምፖል ለሚሠሩት የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት፣ ታችኛው ጫፉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ያለው ፒ21ደብሊው ነው። ባለ ሁለት ነጥቡ፣ ጆሮዎቹ ከፍና ዝቅ ያሉት ፒ21/5ደብሊው የፍሬንና የኋላ መብራት ጥምር ነው፤ በግድ አያስገቡት። መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው አይንኩት፣ ያቃጥላል። ክሩ ከተበጠሰ ወይም ጠርሙሱ ከጠቆረ ይቀይሩ።

አምፖሉ ደህና ከሆነ አጭሩንና የጉሙን አብርተው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) መሃለኛውን ነጥብ ይለኩ። ከባትሪው የተቀራረበ ቮልት ካለ ማሳው ተቋርጧል፤ ከሌለ ፊውዙን ያረጋግጡ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የትኛው እንደሆነ ተስሏል። ፊውዙ ደህና ሆኖ ቮልት ካልደረሰ፣ በኋላ በር ላይ መብራት ያላቸው መኪኖች ላይ በሩና ኮርፖው (የመኪናው አካል) መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጠው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ይሳቡ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው እየታጠፈ ውስጡ ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ግን ሳይቀደድ ይቆያል። ሲስቡት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው እሱ ነው።

ደብዝዞ ይበራል፣ ወይም ፍሬን ሲረግጡ ሌላ መብራት አብሮ ያበራል

ማሳ ነው። ማሳው ከዛገ የ21 ዋቱ ጅረት ወደ ባትሪ መመለሻ ሲያጣ በሌላ አምፖል በኩል ይዞራል፤ ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ወይም ተራው የኋላ መብራት ይሟሽሻል። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በመያዣው የማሳ ብረት ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ታፍኗል። የማሳውን ቡሎን ፈትተው ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፈግፍጉ፣ አጥብቀው ይመልሱ፣ ላዩን ግራሶ ይቀቡት። አረንጓዴ ዝገት የበላውን መያዣ ማጽዳት ለጊዜው ነው፤ ይቀይሩት።

ፊውዙ ደጋግሞ ይቃጠላል

ከፍ ያለ ፊውዝ በፍጹም አያስገቡ፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። አንድ 21 ዋት አምፖል የሚስበው 1.75 አምፔር ብቻ ስለሆነ ጤናማ መስመር ፊውዝ አያቃጥልም። አምፖሉን ያውጡ። ፊውዙ ያኔም ከተቃጠለ ሽቦው ከብረት ጋር ኮንታክት ፈጥሯል፦ የበሩ የጎማ ቱቦ ውስጥ፣ ወይም ተገጭቶ የተጠገነ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ሥር ይፈልጉ።

ኤልኢዲ ከገባ በኋላ ይርገበገባል ወይም «አምፖል ተቃጥሏል» ይላል

በዘመናዊ መኪኖች ኮምፒዩተሩ አምፖሉን የሚፈትሸው በሚስበው ጅረት ነው። ኤልኢዲ ትንሽ ስለሚስብ የተበጠሰ ይመስለዋል። የፍተሻው አጭር ጅረት ደግሞ ኤልኢዲውን ጠፍቶም ሳለ ብልጭ ያደርገዋል። ሬዚስተር መጨመር ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ ግን በጣም ይሞቃል፤ ፕላስቲክ አጠገብ ከታሰረ ያቀልጠዋል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት የብርሃኑ አበታተን ነው፦ አንጸባራቂው የተሠራው ለክሩ ቦታ ነው፤ ነጭ ኤልኢዲ በቀይ መስታወት ውስጥ ደግሞ ፈዝዞ ሮዝ ይመስላል። ወደ 21 ዋቱ ይመልሱት።

ውስጡ ውሃ ይቋጥራል

ታች ፓራውልት ላይ የሚገጠሙት ላይ ይበዛል። የተሰነጠቀውን መስታወት ወይም የደረቀውን ጎሚኒ ይቀይሩ። ዙሪያውን በሲሊኮን መድፈን የታችኛውን መተንፈሻ ስለሚዘጋ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል። ጭቃውንም በየጉዞው ይጥረጉ።

መኪናው የኋላ ጉም መብራት የለውም

ለጃፓንና ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ብዙዎቹ የላቸውም፤ በሁለቱም አገር ሕጉ አያስገድድም። ማስገጠም ይቻላል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 መሠረት ከመሬት ከ250 እስከ 1000 ሚሊሜትር ከፍታ፣ ነጠላ ከሆነ በግራ፣ ከፍሬን መብራት ከ100 ሚሊሜትር በላይ የራቀ መሆን አለበት። ለኤሌክትሪሽያኑ የሚነግሩት ይህን ነው፦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ሪሌ፣ ለአንድ መብራት 5 አምፔር ለሁለት 7.5 አምፔር ፊውዝ፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለው ማብሪያ። የሪሌውን መቀስቀሻ ከአጭር መብራት ይውሰድ፤ ከፓርኪንግ ከተወሰደ ፓርኪንግ ብቻ በርቶ ሳለም ይበራል። ተራ ገልበጥ የሚል ማብሪያ ሳይጠፋ ሊረሳና በሚቀጥለው ጉዞ በራሱ ሊበራ ስለሚችል፣ መብራቱ ሁሉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዓይነት ይጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ ማታ አንድ ሰው ከ20 ሜትር ያህል ርቀት ከኋላ ይቁም፦ የጉሙ በርቶ ሳለ ፍሬን ሲረግጡ የፍሬን መብራቱን ለይቶ ካላየው መብራቱ ለፍሬኑ በጣም ቀርቧልና ቦታው ይቀየር።