ጫካ ማር ለመቁረጥ ስትወጡ ምን ትይዛላችሁ?

ከጅማ ወደ በለጠ ጌራ ጫካ ማር ቆረጣ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ገመዱን እዩት። ቀፎው የተሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፣ የሚወጣውም በጨለማ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ፈትሹት፤ የሳሳ ወይም የተበላ ቦታ ካገኛችሁ አትከራከሩ፣ ጣሉት። እኔ አንዴ "ኧረ ይችላል" ብዬ ወጥቼ መሃል ላይ ጧ ሲል ሰምቻለሁ። ላቤ እስካሁን አልደረቀም።

ቀጥሎ ጭስ። የደረቀ እበት በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለኩሱ። የምትፈልጉት ነበልባል ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ጭስ ነው፤ ንቦቹ ማር መምጠጥ ይጀምራሉ፣ "ጠላት መጣ" የሚባባሉበትን ሽታም ይሸፍንባቸዋል። ፍሙን ግን ጫካ ውስጥ ጥላችሁ እንዳትመጡ!

የፊት መሸፈኛና ጓንት የታወቀ ነው። ባትሪው ቀይ መብራት ካለው አሪፍ ነው፣ ንብ ቀይ ቀለም አይታያትም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ከተነደፋችሁ መንደፊያውን ቶሎ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡ።

ባልዲው ክዳኑ ግጥም የሚል ይሁን። የጅማ አየር እርጥብ ነው፣ ማር ደግሞ እርጥበት ይስባል። ክፍት ከከረመ ይቦካል፤ ጠጅ ልትጥሉ ካልሆነ።