የድራይዎል ባለሙያ እንዴት ይቀጠራል? ሜሪላንድ ቤት ላላችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ቤታችን በ1964 የተሰራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፎቅ ካለው መታጠቢያ ቤት ውሃ ወርዶ የሳሎኑን ኮርኒስ አፈረሰው። አንድ ዘመድ "ያገር ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው" ብሎ ሰው ሰጠኝ። እኔም ላይሰንስ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ውል አልጻፍንም። ግማሹን ገንዘብ በካሽ ቀድሜ ከፈልኩ። በሶስተኛው ወር መገጣጠሚያው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ። ለአንድ ኮርኒስ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ድራይዎል አገር ቤት ጂፕሰም ቦርድ የምንለው ነው። እዚህ በብዛት የሚገኘው ሰሌዳ 4 በ8 ጫማ ሆኖ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ነው። የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ማንንም አትጥሩ። ከሆም ዲፖ ትንሽ ስፓክል (ቀዳዳ መድፈኛ ሊጥ) እና ስፓቹላ ገዝታችሁ ራሳችሁ ድፈኑት።

1. ውሃ ካለ መጀመሪያ ቧንቧ ሰሪ ጥሩ

ምንጩ ሳይቆም ኮርኒስ ማስጠገን ገንዘብ መጣል ነው። የራሰው ይቀደድ፣ ውስጥ ያለው የራሰ ኢንሱሌሽን ይውጣ፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይድረቅ። እርጥበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ እስኪገኝ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ማራገቢያ አብሩበት።

2. ቤቱ መቼ እንደተሰራ እወቁ

ከ1978 በፊት ከሆነ ቀለሙ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ የሚነካ ስራ ከሆነ፣ የምትከፍሉት ድርጅት በፌደራል ህግ ለዚህ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በዚያ ዘመን የሰሌዳዎቹ መገጣጠሚያ ላይ የሚቀባው መድ የሚባለው ሊጥም አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ሳይፈርስና በሸካራ ወረቀት ሳይፈጭ በፊት ናሙና ላብራቶሪ ላኩ። እኔ ይህን አላወቅኩም ነበር። ልጆቼ ጎን ባለው ክፍል እየተጫወቱ ነው ኮርኒሱ የተፈጨው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

3. ቢያንስ ሶስት ሰው መጥቶ ይየው

በስልክ ፎቶ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው አልወድም። ለትንሽ ስራ ብዙዎቹ አይመጡም። ስለዚህ የኮሪደሩን ቀዳዳም የቤዝመንቱን ስንጥቅም ሰብስባችሁ አንድ ላይ አሳዩ።

4. ላይሰንሱን አጣሩ

እዚህ ጋ ይሉኝታችሁን ወደ ጎን አድርጉት። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚጠግን ኮንትራክተር ከሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን፣ ኤም ኤች አይ ሲ ከሚባለው፣ ላይሰንስ ማውጣት አለበት። ቁጥሩን ጠይቁና በግዛቱ የሌበር ዲፓርትመንት ድረገጽ ላይ ፈልጉት። ስሙ ከሰጣችሁ ስም ጋር ይመሳሰላል ወይ? አላለፈበትም ወይ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ዲፒኦአር በሚባለው መስሪያ ቤት በኩል ታጣራላችሁ።

ወረቀቱ ለምን ያን ያህል አስፈለገ? ኮሚሽኑ የዋስትና ፈንድ አለው። ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ስራውን ካበላሸ ወይም ጥሎ ከሄደ፣ ባለቤቱ ከዚያ ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ላይሰንስ የሌለውን ቀጥራችሁ ከሆነ ግን ፈንዱ አይከፍልም። እኔ ባመለከትኩበት ቀን የተነገረኝ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ህጉ ውል በጽሁፍ እንዲሆን ያዛል፦ የላይሰንስ ቁጥር፣ የስራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ግምታዊ ቀን። ቅድመ ክፍያም ከዋጋው አንድ ሶስተኛ አይበልጥም። ግማሽ ስጡኝ ያለ ሰው ገና ከመጀመሪያው ህግ እየጣሰ ነው።

ያገር ልጅ መቅጠር ጥሩ ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ስራ ያሰራሁት ላይሰንስ ባለው አበሻ ነው። ቁጥሩን ስጠይቀው ቅር አላለውም፣ እንዲያውም ካርዱን ራሱ አወጣልኝ። የኢንሹራንሱንም ማስረጃ ጠይቁ።

5. ፊኒሹን ውሉ ላይ አጽፉ

ሰሌዳውን ቆርጦ በብሎን ማሰር የአንድ ቀን ስራ ነው። ገንዘባችሁ የሚሄደው መገጣጠሚያውን ደፍኖ እንዳይታይ በማድረጉ ላይ ነው። ይህ ፊኒሽ (የመጨረሻው ማለስለስ) ከ0 እስከ 5 ደረጃ አለው። ለተለመደው ደብዛዛ ቀለም ደረጃ 4 ይበቃል። ቀለማችሁ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወይም ትልቅ መስኮት ብርሃን በጎን የሚወረውርበት ግድግዳ ከሆነ ደረጃ 5 ጠይቁ፤ ያኔ ሙሉው ግድግዳ በስሱ መድ ይቀባል። ዋጋው ይጨምራል። ውሉ ላይ "ድራይዎል መጠገን" ብቻ ከተጻፈ፣ በኋላ የምትከራከሩበት ነገር የላችሁም።

ቴፑንም ጠይቁ። የእኔ ኮርኒስ የተሰነጠቀው በቴፑ ምክንያት ነው። ሰውየው ወንፊት የሚመስለውን የሚጣበቅ ቴፕ ለጥፎ በባልዲ የሚሸጠውን ዝግጁ መድ ቀባበት። ያ መድ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ወንፊቱ ደግሞ መገጣጠሚያውን አጥብቆ አይዝም። በወንፊት ቴፕ የሚሰራ ሰው የመጀመሪያውን ቅብ በውሃ ተበጥብጦ በሚጠነክረው የዱቄት መድ መቀባት አለበት። በእኔ እምነት ለረጅም መገጣጠሚያ የወረቀት ቴፕ ይሻላል። "ምን ቴፕ ነው የምትጠቀመው? የመጀመሪያው ቅብ በምን ነው?" በሉት። ስራውን የሚያውቅ ሰው ሳያመነታ ይመልሳል።

አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ቅብ ነው። ዝግጁው መድ በየመሃሉ አንድ ቀን ያህል መድረቅ አለበት፣ የሜሪላንድ ሐምሌ ወበቅ ሲሆን ከዚያም በላይ። በዝግጁ መድ ሙሉ ኮርኒስ በአንድ ቀን ጨርሼ ቀለም እቀባለሁ የሚል ካለ አትመኑ።

ቤዝመንት አጠናቅቃችሁ ልታከራዩ ከሆነ ፐርሚት ያስፈልጋል። ኢንስፔክተሩ የመብራት ሽቦውንና የግድግዳውን ፍሬም ሳያይ ሰሌዳ አይገጠም፤ ከተገጠመ ሊያስፈርሳችሁ ይችላል።

6. በስራው ቀን

የኤሲና የማሞቂያ ቀዳዳዎችን በፕላስቲክ አሽጉ። ቫክዩም የተገጠመለት መፍጫ ያለውን ሰው ምረጡ፤ አለበለዚያ ነጩ አቧራ ወር ሙሉ ከቤት አይወጣም።

7. ቀለም ከመቀባቱ በፊት በባትሪ እዩት

ፕራይመሩ (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) ከደረቀ በኋላ ማታ መብራት አጥፉ። የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ወደ ጎን አብሩ። ጉብታው፣ የመፍጫው ጭረት፣ የቴፑ ጠርዝ ሁሉም ጥላ ይጥላል። በእርሳስ እያከበባችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ጠዋት አሳዩት። ሰራተኛው ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ሁሉም እንደገና ነው። የመጨረሻውን ክፍያ የምትሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። በቼክ ክፈሉ፣ ውሉንና ፎቶዎቹን አስቀምጡ። የዋስትና ፈንዱን ለመጠየቅ ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ሶስት ዓመት አላችሁ።